ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት

ሎስ ባኞስ፣ ፊሊፒንስ
ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለውድ እኅቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከዚህ በኋላ ቀጥታ ወደ ወሬዬ ብገባ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ዓመት ከመንፈቅ ዝም ያለ ሰው እንዲህ በዋዛ አይታለፍም። የእናትሽን ዕረፍት የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ስልኩን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁት። ለቅሶ በስልክ አይደረስም ብዬ ራሴን አታለልሁ። አርባቸው አለፈ፣ ሰማንያቸው አለፈ፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ከለቅሶው ይልቅ የዘገየሁበትን ማስረዳት ከበደኝ። ይቅር በይኝ። ከእፍረት በቀር የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

ብዕር ያስነሣኝ አንድ የሩዝ ዳቦ ነው። ስሸኝ «ሩዝ ለመማር ከፎገራ ተነሥቶ ባሕር መሻገር? እኛ እንጀራ ጋግረንበት፣ ጠላ ጠምቀንበት የቀረን ምን አለ?» ብለሽ የሳቅሽብኝን አልረሳሁትም። የቀረን ነገር አለ፤ ስሙም ቢቢንግካ ይባላል።

ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ከ1960 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ የምንነጋገረው ስለ ዘር፣ ስለ በሽታና ስለ ምርት ነው። ሩዝ በዓል ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያስተማሩኝ ግን የቤት አከራዬ ናቸው። ሰፈርተኛው ሁሉ ናናይ ይላቸዋል፣ እናት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው።

እዚህ አገር የገና መዝሙር መሰማት የሚጀምረው በመስከረም ነው፣ የእውነቴን ነው። ዋናው ነገር ግን የሚመጣው በእነርሱ ታኅሣሥ 16 ነው። ከዚያ ቀን እስከ 24 ድረስ፣ ለዘጠኝ ቀን፣ ሳይነጋ ቅዳሴ ይቆማሉ፤ ሲምባንግ ጋቢ ይሉታል። በስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን ገበሬው ወደ እርሻ ከመውረዱ በፊት እንዲያስቀድስ ተብሎ ነው ሰዓቱ እንዲህ የሆነው ይላሉ። ዘጠኙን ያላጓደለ የተመኘው ይሰምርለታል ብለውም ያምናሉ። ናናይን በጨለማ እያደረስሁ እርሳቸው ሲገቡ እኔ ደጅ እቆም ነበር። እኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሸጠው ጧፍና ዕጣን ነው፤ እዚህ ግን ቢቢንግካ በፍም ላይ እየበሰለ፣ ፑቶ ቡምቦንግ የሚሉት ሐምራዊ የሩዝ ምግብ በቀርከሃ ውስጥ በእንፋሎት እየተቀቀለ፣ የዝንጅብል ሻይ እየጨሰ ይቆይሻል። እኔ ደግሞ በጾመ ነቢያት መካከል፣ በባዶ ሆዴ፣ ቅቤው ሲቀባ አያለሁ!

ናናይ ጾሜ ግራ ገባቸው። «እንቁላል አይሆንም? ወተትም? ቅቤም?» አሉና ተክዘው ቢኮ ሠሩልኝ፤ የሚያጣብቅ ሩዝ፣ የኮኮናት ወተትና ጥቁር ስኳር ብቻ። ኮኮናት ባለበት አገር ጾም መጾም እንዲያውም ቅንጦት ነው። ቢቢንግካውን ግን ለገና አቆየሁት። እነርሱ በዓላቸውን ጨርሰው ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው፣ ታኅሣሥ 29፣ ናናይ ጓሮ ለእኔ ሲሉ ዳግመኛ እሳት ተነደደ።

ሩዙ ከዋዜማው ተዘፍዝፎ ያድርና ከነውኃው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ይህን ሊጥ ጋላፖንግ ይሉታል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የታሸገ ዱቄት ይገዛል፤ ናናይ ግን «እርሱ ኬክ ነው» ብለው ይንቁታል፤ እኔም ቀምሼ ወደ እርሳቸው አድልቻለሁ። ለሁለት ኩባያ ሊጥ አንድ ኩባያ የኮኮናት ወተት፣ ከአንድ ኩባያ ትንሽ ያነሰ ስኳር፣ ሦስት እንቁላል፣ ቀለጥ ያለ ቅቤ፣ ጨው ለቅምሻ ያህል። ድሮ የሚያስነሣው እርሾ ነበር፤ ናናይም ሳይቀሩ አሁን ቤኪንግ ፓውደር ይጨምራሉ።

ከዚያ ናናይ የሙዝ ቅጠል ቆርጠው መጡ። በሸክላው ጣባ ላይ አነጠፉት፣ ሊጡን አፈሰሱበት፣ ከሥሩ ፍም አደረጉ፣ በቆርቆሮ ከደኑት፣ በቆርቆሮውም ላይ ፍም። ቆሜ ቀረሁ። የእናትሽ ድፎ ዳቦ ነው! ኮባው፣ በላዩ የሚደፋው ምጣድ፣ ያ ቅጠሉ ሲያር የሚወጣው ሽታ። እናትሽ «ከላይም እሳት ከታችም እሳት ሆኖብኝ እንደ ዳቦ በሰልሁ» እያሉ ኑሯቸውን ሲያማርሩ እጃቸው ግን ፍሙን እያስተካከለ። አለቀስሁ። ናናይ ጢስ መስሏቸው ወንበሬን ወደ ነፋሱ ዞር አደረጉልኝ። ለቅሶ የደረስሁት ያኔ ይመስለኛል፣ በሰው አገር ጓሮ።

ሁለተኛውን እኔ ልጋግር ብዬ አበላሸሁት። ቅጠሉን በእሳት ሳላለዝበው ባነጥፈው ተሰነጠቀና ሊጡ ፈሰሰ፤ ከላይ ፍም ስላበዛሁበት ፊቱ አሮ ሆዱ ጥሬ ሆነ። ሦስተኛው ግን ኩፍ ብሎ ወጣ። ግማሽ ሲበስል ተከፍቶ ከጎሽ ወተት የተሠራ ነጭ አይብና የተቆራረጠ የዳክዬ እንቁላል ይደረግበታል። እንቁላሉ ሳምንታት በጨው ተቀምጦ የከረመ ነው፤ ከትኩሱ እንዲለይም ቅርፊቱን ቀይ ይቀቡታል። ጣፋጭ ዳቦ ላይ ጨዋማ እንቁላል ሲሉኝ ፊቴን አጨማድጄ ነበር። አሁን ያለ እርሱ አልበላም። ሲወጣ ቅቤ ይቀባል፣ ስኳርና የተፈቀፈቀ ኮኮናት ይነሰነስበታል፣ በትኩሱ ይበላል። ከቀዘቀዘ ዋጋ የለውም።

ወረታ ላይ ኮኮናት ከየት ይመጣል እንዳትይኝ፤ ለፍስክ የላም ወተት፣ ለጾም የሱፍ ወተት እንሞክራለን፤ አይብ ደግሞ አላችሁ። ኤክስ ጅግና የሚባለው የፎገራችን የሩዝ ዝርያ ለዚህ ይሆን አይሆን እንደሆነ አንቺና እኔ እናየዋለን። በሰኔ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ የምመጣውም ወደ እናንተ ቤት ነው።

እስከዚያ አንድ ነገር ጻፊልኝ፦ ያ ፍም የሚደረግበት የእናትሽ የላይ ምጣድ አለ ወይስ ለሰው ተሰጠ? ካለ እንዳይሰበር አደራ።

እኅትሽ