ጉዳዩ፦ ክላሲካልና ጃዝ የተዋሃዱበትን የፒያኖ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ስለመለማመድ

ለተከበራችሁ ወላጆች፣

ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ የፒያኖ ተማሪዎቻችን በዚህ መንፈቅ ዓመት የሙዚቃ ደራሲውን የኒኮላይ ካፑስቲንን (1937–2020) ሥራዎች ጀምረዋል። አንዳንዶቻችሁ «ጃዝ ከሆነማ ልጁ እንደ ልቡ ቢጫወት ምናለበት?» ትሉ ይሆናል። ካፑስቲን ግን ድምፁን ከጃዝ ይውሰድ እንጂ ለተጫዋቹ የፈጠራ ቦታ አልተወም፤ እያንዳንዱን ኖታ ጽፎታል። የ1984ቱ ስምንት የኮንሰርት ኤቱዶችም (ችሎታን የሚያሠለጥኑ አጫጭር ሥራዎች) ሆኑ ሃያዎቹ ሶናታዎች (ረዘም ያሉ የፒያኖ ሥራዎች) የቆሙት በክላሲካል ቅርጽ ነው። ስለዚህ እንደ ክላሲካል ሙዚቃ ደራሲው ባኽ ሥራ ሁሉ በተጻፈው መሠረት ይጠናሉ።

በብዛት የሚበላሸው ምቱ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ተብሎ ሲቆጠር ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ኖታዎች) ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ«አንድ» ግማሽ ምት ቀድሞ፣ «አራት እና» ሲባል «እና» ላይ ነው፤ ከዚያ ሳይደገም ወደሚቀጥለው ሜዠር (ከ«አንድ» እስከ «አራት» ያለው የምት ክፍል) ይሻገራል። ከምቱ ጋር መምታት የለመደ እጅ ግን ይጠብቅና «አንድ» ላይ ያሳርፈዋል። አንድም ኖታ ሳይሳሳት ጃዙ ይጠፋል። መፍትሔው የፒያኖውን ክዳን ዘግቶ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠሩ፣ በግራ እጅ ምቱን፣ በቀኝ እጅ የዜማውን አካሄድ ክዳኑ ላይ መምታት ነው። ይህ ሳይጠራ ወደ ቁልፎቹ አይኬድም።

ከዚያ ሁለት ሁለት ሜዠር ብቻ ይያዝ፤ መጀመሪያ እጆቹ ለየብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ። ሜትሮኖሙ (ምት የሚቆጥረው መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ይጀምር፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ስሕተት ሲያልፍ ብቻ በ4 ይጨመር። ምቱ ከጸና በኋላ ሜትሮኖሙ «ሁለት» እና «አራት» ላይ ብቻ እንዲመታ ይደረግ። ከባድ ነው፤ ጆሮን የሚያሠለጥን ግን እሱ ነው። የጣት ቁጥሩ በእርሳስ ይጻፍ፤ በየቀኑ ከተቀያየረ እጁ መንገዱን አይለምድም።

በእግር የሚረገጠው ፔዳል ምቱ እስኪጸና ድረስ ይቆይ። ኮርዶቹ ብዙ ኖታ የተደራረበባቸው ስለሆኑ ፔዳሉ ከተያዘ ባሱ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) ይደፈርሳል፤ የምቱ አካል የሆነችው አጭር ዝምታም ትሸፈናለች።

የግራ እጅ ኮርድ ከልጁ መዳፍ ከሰፋ በግድ አይዘርጋ፤ ከታችኛው ኖታ ጀምሮ በፍጥነት እያከታተለ ይምታው። የእጅ አንጓው ወይም ክንዱ ካመመው ልምምዱ ወዲያው ይቁም፤ ለመምህሩም በዚያው ሳምንት ይነገር።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር