የሒሳብ ተማሪና የቡድን ሥራ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በሒሳብ የተመረቁ ወጣቶች ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ኢንተግራል የሚባለውን ከባድ የሒሳብ ስሌት በአንድ ትንፋሽ ይፈቱታል፤ «የብድር ወለዱን ለደንበኛው አስረዳ» ሲባሉ ግን ላብ በላብ ይሆናሉ። የቡድን ሥራ የሚባለውንማ እናውቀዋለን፦ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ፣ ማርኩ እኩል ነው።

ጎንደር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። በ1947 ዓ.ም. እዚሁ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ አሠልጥኗል። የሒሳብ ተማሪዎችስ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበርን የሰሊጥ ሽያጭ መዝገብ በጋራ መርምረው ያገኙትን በአባላቱ ፊት ቆመው ቢያስረዱ ምን ይከለክላል? ማርኩ ሲሰጥም የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ይታይ። ከመመረቃቸው በፊት የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በጋራ የመሥራትና የማስረዳት ችሎታን አይለካም።

አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ከጎንደር