አያቶቻችን ሳያልፉ ልጆቻችን ይጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ትውልዴ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጣና ዳር ካለ ገጠር ነው። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደብዳቤው ረዘም ቢል ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ባለፈው ዓመት አያቴ አረፉ። ቆብ ከደፉ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው ሁላችንም እማሆይ ነበር የምንላቸው። እማሆይ ፊደል አልቆጠሩም። ዘር ሲቆጥሩ ግን ማን ይደርስባቸዋል! በአባታቸው በኩል አሥራ ሁለት፣ በእናታቸው በኩል ዘጠኝ ትውልድ ሳይደናቀፉ ይወርዱ ነበር። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ማን ከወንድሙ ተጣልቶ በታንኳ ሐይቁን እንደተሻገረ፣ ማን የማን ሚዜ እንደነበረ፣ የትኛዋ ሴት ባሏ ሞቶባት ስድስት ልጅ ብቻዋን እንዳሳደገች፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነበር። እኔም ስልኬን ይዤ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ «ዛሬ እቀዳዋለሁ፣ ነገ እጽፈዋለሁ» ስል ዓመታት አለፉ። ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ከወንድሞቼ ጋር ስንቆጥር ሰባተኛው ላይ ቆምን። ስድስተኛውም ላይ አልተስማማንም።

ከተዝካሩ በኋላ ክርስትና ወደተነሱበት ደብር ሄድኩ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፣ ያለውን ደብተር ሁሉ አወጡልኝ። ግማሹ ዝናብ ገብቶበት ገጹ ከገጽ ተጣብቋል። ግማሹን ምስጥ በልቶታል። የደብሩን ስም አልጠራም፤ ጥፋተኛ ልፈልግ አይደለም የምጽፈው። ጣሪያው በሚያፈስ ዕቃ ቤት ውስጥ ወረቀት ጠብቁ ብሎ ሰው መውቀስ ግፍ ነው።

ይህን ያህል የቆጨኝ ደግሞ በአንድ ምክንያት ነው። የእህቴ ልጅ አየርላንድ አገር ነው የምትሠራው፤ ሥራዋ አዛውንት መንከባከብ ነው። ስለ እማሆይ በስልክ ስናወራ፣ የምትንከባከባቸው አንዲት የማዮ አውራጃ ሴት የቅድመ አያታቸውን የክርስትና መዝገብ በኢንተርኔት አውጥተው እንዳሳዩዋት ነገረችኝ። የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም ከነአባቷ ቤት መጠሪያ፣ የክርስትና አባትና እናት፣ ቀኑ፣ ከዚያም መንደሩ። ሁሉም በአንድ መስመር፣ በአንድ የገጠር ቄስ እጅ የተጻፈ። እውነቱን ልናገርና ቅናት ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። (የአየርላንዱን ዘመን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ የገረመኝ እነሱም እንደኛ የተጎዱ ሕዝቦች መሆናቸው ነው። በ1841 በተደረገው ቆጠራ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መታው፤ ድሃው የሚበላው ድንች ብቻ ነበርና ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው አለቀ፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። በ1851 ሲቆጠሩ 6 ሚሊዮን ተኩል ግድም ነበሩ። ይህን ሳነብ ክፉ ቀን ትዝ አለኝ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ በሬ የሌለው ገበሬ ሳያርስ ቀርቶ፣ አገር ያለቀበት ዘመን ማለቴ ነው። እማሆይም ዘር ሲቆጥሩ እዚያ ላይ ሲደርሱ «ይህ በክፉ ቀን ተበተነ» ብለው አንዱን ቅርንጫፍ ይዘሉት ነበር። የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሁለተኛው ነገር የእሳቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዋና ከተማቸው በደብሊን ትልቅ የመንግሥት መዝገብ ቤት ነበራቸው። በ1922 የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲጀመር መዝገብ ቤቱ ያለበት ግቢ የውጊያ ቦታ ሆነ፤ ሰኔ 30 ቀን ፈንድቶ ተቃጠለ። የስንት መቶ ዓመት ወረቀት በአንድ ቀን። የተቃጠለው ብጣሽ በነፋስ እየተወሰደ በከተማው ላይ ሲዘንብ ዋለ ይላሉ። ከ1821 እስከ 1851 ያለው የሕዝብ ቆጠራ፣ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር፣ እዚያው ጠፋ። የ1861 እና የ1871ን ቆጠራ ራሱ መንግሥት አስቀድሞ አጥፍቶታል። የ1881 እና የ1891ን ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ቸገረ ተብሎ አስፈጭተውታል። ስለዚህ ሙሉ ሆኖ የተረፈው የመጀመሪያ ቆጠራቸው የ1901 ነው።

እንግዲህ የፕሮቴስታንቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች «ለደህንነታቸው» ተብሎ በሕግ ወደዚያ መዝገብ ቤት እንዲገቡ ታዝዞ ነበር። ጥሩ ማስቀመጫ አለኝ ያለ ደብር ብቻ ነው ፈቃድ አግኝቶ እቤቱ ያስቀረው። ከገቡት አብዛኞቹ ነደዱ፤ ያስቀሩት ተረፉ። አንዳንድ ቄሶች ደግሞ ከመላካቸው በፊት በእጃቸው ገልብጠው ነበርና የእነሱም ደብር ዳነ። የካቶሊኮቹ መዝገብ ግን ከመጀመሪያውም በየአጥቢያው ስለነበረ እሳቱ አልነካውም። በሕግ ተጨቁነው የኖሩ ስለሆኑ በገጠር፣ በተለይ በምዕራቡ በኩል፣ ብዙው መዝገባቸው የሚጀምረው ከ1820ዎቹ ወዲህ ነው። ቢሆንም አለ። የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየአጥቢያው እየዞረ ፎቶ አነሳው፤ በ2015 ደግሞ ከ370,000 በላይ ምስል አድርጎ ለማንም ሰው በነፃ በኢንተርኔት ለቀቀው። የማዮዋ እናት ያዩት ያንን ነው።

ከዚህ የተማርኩት፣ ወረቀት አንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ፣ ቦታው ቤተ መንግሥትም ይሁን ጎተራ፣ አንድ ቀን ይጠፋል። እኛ ጋ ምስጥ አለ፣ እነሱ ጋ መድፍ ነበረ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የእኛ ሰው ዘሩን የሚቆጥረው ለጨዋታ አልነበረም። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ወርዶ ማሳየት ነበረበት፣ ያውም በሽማግሌና በዳኛ ፊት፣ ተቃራኒው ቆሞ ስህተት እየጠበቀ። መቁጠር ያቃተው ሰው ይረታል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚባለው ለዚህ ነው። በጣና ገዳማት ባሉ የብራና ወንጌሎች ኅዳግ ላይም የመሬት ስጦታ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ የሚገኘው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ የጎንደር ዘመን ደብሮችም የመሬት ሽያጭ እንዲህ ይመዘግቡ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁን ልወቅስ አይደለም፣ ስንቱን ከጭሰኝነት አውጥቷል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አያት ለልጅ ልጁ ዘር የሚያስጠናበት ትልቁ ምክንያት ቀረ። አሁን የቀረን የጋብቻው ነው፤ እስከ ሰባት ቤት እንዳንጋባ መቁጠሩ። እሱም ቢሆን ሽማግሌዎቹ እስካሉ ድረስ ነው።

የመንግሥት ወረቀትም አያግዘንም። አየርላንድ ልደትን፣ ሞትንና ጋብቻን ሁሉ መመዝገብ የጀመረችው በ1864 ነው። እኛ ዘንድ ወሳኝ ኩነት በአገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያለው የገጠር ሰው የት ተጻፈ? ወይ በደብር ደብተር፣ ወይ በሰው አፍ።

ስማችንም የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ ስም በአያት ያልቃል፣ ከዚያ በላይ የሚጎትተን የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ሰው ደግሞ ሁለት ሦስት ስም አለው። በደብሩ ደብተር የተጻፈው የክርስትና ስሙ ነው፤ ጎረቤት የሚያውቀው የዓለም ስሙን ነው፤ ጦር ሜዳ የዋለ ከሆነ ደግሞ የፈረስ ስም ይጨመርበታል። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እንደተባሉ ሁሉም ያውቃል፣ ንጉሥ ናቸውና። የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሁለት ስም ግን ማን ያገናኘዋል? ሚስቱ ወይ ልጁ ካልነገረችን በቃ፣ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። በአንድ ነገር ግን እኛ እንሻላለን፤ የእኛ ሴት አግብታም የአባቷን ስም አትጥልም። እናቶቻችንን በስማቸው ማግኘት እንችላለን፣ የሚጽፋቸው ከተገኘ።

የደብዳቤዬ ዋና ነገር እንግዲህ ይሄ ነው። ከ1937 እስከ 1939 አየርላንዶች አንድ ትልቅ ሥራ ሠሩ። ወደ 5,000 በሚጠጉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ፣ ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ደብተር ተሰጣቸውና «አያቶቻችሁን፣ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ» ተባሉ። ከ50,000 በላይ ልጆች ጻፉ። የጎጡን ስም ከነትርጉሙ (ታውንላንድ ይሉታል፣ በአገሩ ሁሉ ከ60,000 በላይ አለ)፣ የፈረሰውን ቤተ ክርስቲያን፣ የባሕል መድኃኒቱን፣ የረሃቡን ዘመን ሁሉ ጻፉ። ረሃቡ ካለፈ 90 ዓመት ግድም ቢሆነውም ያዩ ሰዎች ልጆች ገና በሕይወት ነበሩ። ልጆቹ ማን እንደነገራቸው፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነና የት እንደሚኖር ጭምር ጽፈዋል። ዛሬ አንድ ሰው የአያቱን እጅ ጽሑፍ በኮምፒውተር ከፍቶ ያነባል። ይህን ያደረገችው ያኔ ሀብታም አገር አይደለችም፣ ገና ከጦርነት የወጣች ድሃ አገር ነበረች። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ጎበዝ መምህር ነበር።

እኛስ? የጣና ዳር ትምህርት ቤቶች፣ የባሕር ዳሩ፣ የዘጌው፣ የጎርጎራው፣ የደልጊው፣ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር ይህን ቢሠሩ ምን ይከብዳል? ልጁ አያቱን የዓለም ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውን ይጠይቅ። በእናትም በአባትም በኩል እስከሚያውቁት ድረስ ያስቆጥራቸው። የት እንደተቀበሩ፣ ከየት እንደመጡ፣ የጎጡ ስም ለምን እንዲያ እንደተባለ ይጻፍ። ሙስሊም ቤተሰብም፣ ክርስቲያንም፣ በደንገል ታንኳ የሚሠሩት የወይጦ ሰዎችም፤ እንዲያውም የሐይቁን ድንጋይና ወደብ ሁሉ በስሙ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ በደብር ደብተር ደግሞ ስማቸው የለም።

ዘር ስል ግን አደራ፣ የዛሬውን የዘር ፖለቲካ ማለቴ አይደለም። እማሆይ ሲቆጥሩ ከቤጌምድርም፣ ከአገውም፣ ከወሎም የመጣ አያት ነበረን፣ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ነበር የሚጠሩት። ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የማያወራው ነገር አለ፤ በድሮ ዘመን ሰውን በዘሩ ያዋረዱበት፣ ባሪያ ብለው የሸጡበት ታሪክ አለ። ሽማግሌው መናገር ካልፈለጉ ልጁ አያስጨንቃቸው። ልጁ ይህን ከመምህሩ መጀመሪያ መማር አለበት።

ጊዜው ይህን ለማድረግ ይመቻል ወይ የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በገጠር ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት ሰዓት ስለ ዘር ሐረግ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የባሰ የሚያስቸኩለው ይሄው ነው። ስንት የገጠር አዛውንት ዛሬ ልጃቸው ዘንድ ባሕር ዳር ቀበሌ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ቤታቸውን፣ ደብራቸውን ትተው መጥተዋል፤ ይዘውት የመጡት ጭንቅላታቸውን ነው። ገጠሩ እስኪከፈት ከከተማው ትምህርት ቤት እንጀምር። አያቶቹ እዚሁ ናቸው፣ ከቡና ጋር ማውራትም ይወዳሉ።

የተጻፈው ደግሞ ሦስት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በቤተሰቡ፣ አንዱ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ። የደብር መዝገብ ያላቸው አስተዳዳሪዎችም ደብተሩን ለማንም አሳልፈው አይስጡ። እዚያው ባለበት በስልክ ፎቶ ይነሳ። ፀሐይ ያለበት በረንዳ ላይ፣ ገጽ በገጽ፣ ቀስ እያሉ። ከዚህ በፊት በስልኩ ያነሳ ሰውም ካለ፣ አንድ ቅጂ በፍላሽ አድርጎ ለደብሩ ይመልስ።

እኔ ደብተር ገዝቻለሁ። የእማሆይ ታናሽ ወንድም ዘጌ አሉ፣ አያ ነው የምንላቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል እንጂ ልባቸው ንጹሕ ነው። የፊታችን ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። የምትጽፈው እሷ ነች፣ 12 ዓመቷ ነው። ጥያቄዎቹን እስከዚያ ለብቻዋ አዘጋጅታለች፤ የመጀመሪያው «አያ፣ ስድስተኛው ማን ነበር?» የሚል ነው።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ ከባሕር ዳር