ከባሌ

ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄ ስለጠፋ ይቅርታ አድርግልኝ። ስንለያይ የጠየቅከኝ ነገር ነው አፌን የያዘው። «የድሮ አጥንት ስትለቅሙ ለተራራው ሰው ምን ጠብ ይልለታል?» ብለኸኝ ነበር። መልስ ሳልይዝ ልጽፍልህ አልደፈርኩም።

እኛ የቆፈርነው ባሌ ተራሮች ላይ፣ ፊንጫ ሀቤራ ከሚባለው የጥንት ሰዎች የድንጋይ መጠለያ ብዙም ያልራቀች ትንሽ ዋሻ ነው። ፊንጫ ሀቤራ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው ይኖርበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆኗል። ያኔ የተራራው አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ሰዎቹ የቀለጠውን ውሃ ይጠጣሉ፤ ግዙፉን ፍልፈል አድነው ይጠብሳሉ፤ ለስለት የሚሆን ባልጩት ፍለጋ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣሉ። እኔ ባዶ እጄን ስወጣው እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል!

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ዕቃችንን የሚጭነው የመንደሩ ፈረስ ነው። አፈሩን የሚነፉትም የመንደሩ ወጣቶች ናቸው። ደመወዛቸው ደብተርና ጫማ ሆኗል። ግን ቁፋሮው ሲያበቃ ብሩም ያበቃል፤ ይህን አልደብቅህም።

ልቤን የነካው ሌላ ነው። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ወንፊቱ ላይ ጎንበስ አሉ። እሳት ያጠቆራት፣ ጥምዝ ያለች ጥርስ አነሱ። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋትና «ይቺማ የፍልፈል ናት» አሉ። ከዚያ በጎዳንቱ፣ ማለትም ከብት እንደ ወቅቱ ወደ ደጋው በሚነዳበት ጊዜ፣ ከብት ይዘው ሲወጡ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ዋሻ ዝናብ እንደማያስገባ በኦሮምኛ ነገሩን። እኛ ስንፈልጋቸው የነበሩትን ዋሻዎች እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያድሩባቸዋል።

ስለዚህ ጉድጓዱን ሳንደፍን አልወጣንም። የእረኛን መጠለያ ቆፍሮ ክፍቱን መተው ለእኔ የሰው ቤት አፍርሶ እንደ መሄድ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን የሚያስረዱት የዚያው መንደር ልጆች እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ለትምህርት ቤታቸው በኦሮምኛ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንተ እጅህ ሥዕል ያውቃል። ፍልፈሉን፣ ባልጩቱንና ያቺን ጥርስ ትስልልኛለህ? ፎቶዎቹን በቴሌግራም እልክልሃለሁ። እስከ ጥቅምት ቢደርስልኝ ወደ ተራራው ስወጣ ይዤው እሄዳለሁ።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ