ይድረስ ለአባባ

ለምወድዎት አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጅ ክፍሉን በጥሩ ውጤት አልፏል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ሰላም» ስትል ፉጨት ይመስላል፤ በስልክ ትሰሟታላችሁ። ባለቤቴም እጅ ነሥታለች።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው የምነግርዎት፦ አሁን እኔም ከአውሮፕላን በፓራሹት እዘላለሁ። መሥሪያ ቤቱ ያው ነው፣ እዚሁ ዱባይ ፓልም ጁሜይራ አጠገብ ያለው። እስካሁን ሌሎች ቀርጸው ያወረዱትን የዝላይ ቪዲዮ ሳቀናብር ነበር የምውለው። ካሜራ ይዞ ለመዝለል ቢያንስ 200 ዝላይ ይመከራል፤ እሱን አልፌ ነው የገባሁበት። ሊዘል የመጣው እንግዳ ከአሰልጣኙ ደረት ጋር በአራት ቦታ ይታሰራል። 13,000 ጫማ ላይ ስንደርስ እኔ ቀድሜ ከአውሮፕላኑ በር ውጭ ተንጠልጥዬ እጠብቃቸዋለሁ፤ ካሜራው የራስ ቁሬ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ፊት ለፊት እንወርዳለን። ከኋላቸው አንዲት ትንሽ ፓራሹት ተዘርግታ ፍጥነታቸውን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገታዋለች፤ እኔም በብብቴ ሥር ክንፍ ባለው ልብስ ከእነሱ እኩል እሄዳለሁ። መጠባበቂያ ፓራሹት አለኝ፤ ራሴን ብስት እንኳ በራሱ የሚከፍተው መሣሪያ አለ። አይስጉ።

ከመውጣታችን በፊት እንግዳውን «መልእክትህ ለማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። አብዛኛው እናቱን ይጠራል። አባባ፣ እማማ በተቀበረችበት ሳምንት እኔ የሰው ልጆች ለእናቶቻቸው የተናገሩትን እየቆረጥኩ ሙዚቃ እገጥምበት ነበር። መርዶዬን የሰማሁት ከአርባዋ በኋላ ነው። «በሰው አገር ብቻውን እንዳይሰማ» ብለው እንደከለከሉ አውቃለሁ፤ ለእኔ አዝነው ነው። ቢሆንም አልቅሼ አልቀበርኳትም። ይህ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፣ እርስዎንም ደፍሬ አልተናገርኩም።

አሁን ለምን አነሣሁት? ወንድሜ ባለፈው የላከልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ «ደህና ነኝ፣ በርታ» ይላሉ፤ እጅዎ ወደ ከዘራው ይሄዳል። ወዲያው ደግሞ በሩ ጋ ቆመው ይታያሉ። ሲቀመጡ ጥላዎ እግርዎ ሥር ነበር፤ ሲቆሙ አጥሩ ላይ ወጥቷል። በመሃል ሰዓታት አልፈዋል። አባባ፣ ይህ እንጀራዬ ነው፤ የተቆረጠ ነገር አያመልጠኝም። እንዴት እንደተነሡ፣ ማን እንደደገፈዎት ነው የወጣው። ወንድሜን አይቆጡት፣ ያዘዙትን ነው ያደረገው።

ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን ከፍዬ አልጨርሰውም። ግን እንደ እማማ እንዳያደርጉኝ። ክፉም ቢሆን በሕይወት እያሉ ከራስዎ አፍ ልስማው።

እህቴ የሐኪሙን ወረቀት ነገውኑ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ፤ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትም አይቅር። የበረንዳው ደረጃ ላይ መደገፊያ ብረት ይበየድ፤ ገንዘቡን በባንክ ልኬያለሁ፣ ለሌላ ነገር እንዳይውል። የዓመት ፈቃዴን ለመስከረም ይዤው ነበር፤ ካስፈለገ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት አዛውረዋለሁ። አለቃዬን አስቀድሜ ጠይቄ እሺ ብሎኛል፤ የቀረው የእርስዎ ቃል ነው።

ልጅዎ