አባዬ፣ የዲኤክሷን የኋላ ሞላ አስቀየርኩት

አባዬ እንዴት ነህ፣ ወገብህስ ተሻለህ? መኪናዋን እኔ ጋ ትተሃት ስትሄድ ዘይት ብቻ ቀይርላት ሌላ እንዳትነካባት ብለኸኝ ነበር፣ ይቅርታ አድርግልኝ ነካሁባት። የኋላ ሞላዎቿን፣ ጥቅልል ስፕሪንጎቹን፣ ሁለቱንም አስቀይሬያለሁ። በስልክ ብነግርህ "ኦርጅናል እኮ ነው" ብለህ ስለማታስጨርሰኝ ነው የምጽፍልህ።

እማዬ ከኋላ ተቀምጣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ስትጮህ አንተ ሁሌ መንገዱ ነው ትላለህ። መንገዱ ብቻ አይደለም አባዬ። ደልዳላ ቦታ አቁሜያት ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካሁ፣ በቀኝ 33 ተኩል ሳንቲም በግራ ደግሞ 31፣ በግራ በኩል ቁጭ ብላለች ማለት ነው። ማታ ማታ ከፊት የሚመጡት ሹፌሮች መብራት የሚያበሩብህም ለዚሁ ነው፣ ኋላዋ ሲወርድ አፍንጫዋ ቀና ስለሚል መብራትህ አይናቸው ውስጥ ይገባል።

ጋራዥ ወስጄ በክሪክ አንስተው ሾክ አብዞርበሩን ከታች ፈቱትና አክስሉን ቀስ እያሉ ሲያወርዱት (የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር እኔ ራሴ ስር ገብቼ እያየሁ ነበር) ሞላው በእጅ ወጣ። የግራው የታችኛው ጫፍ ግማሽ ዙር ያህል ተሰብሮ መቀመጫው ላይ ቀርቷል። ስብራቱ ውስጡ ድረስ ዝጓል፣ የትናንት አይደለም፣ ጣርማበርን በሱ ነው ስትወርድ የከረምከው። ሳየው እግሬ ከዳኝ።

ያኔ ከፍ እንድትል በሞላው ዙሮች መሀል ያስከተትካቸው የጎማ ቁራጮችም እዛው ነበሩ። ጎማው ከፍ ያደርጋታል እውነት ነው፣ ግን የያዘውን ዙር እንዳይሰራ ስለሚያስረው የመታመቁ ሥራ በሙሉ የቀሩት ዙሮች ላይ ይወድቃል። የምታምናቸው ሰዎች ስለመከሩህ ነው ያደረግከው፣ አልፈርድብህም፣ ግን አሁን አውጥቼዋለሁ፣ እባክህ መልሰህ እንዳታስገባው።

እቃውን ሶማሌ ተራ ዞሬ ነው ያገኘሁት። ዲኤክስ ስላልኩ ብቻ አይሰጡኝም፣ ዋገኑ ዲኤክስ ከኋላ ባሌስትራ (ድርብርብ ብረት) ነው፣ ያንተዋ ግን ሞላ፣ ስለዚህ አሮጌውን ይዤ ሄጄ እያስተያየሁ ገዛሁ። ሻጩ የተሰበረውን ብቻ ቀይር ሲለኝ እምቢ አልኩ፣ አንዱ አዲስ አንዱ የደከመ ከሆነ መልሳ ታዘነብላለች፣ ኩርባ ላይ ደግሞ አትታመንም።

የፊቱን ግን ገና አላስነካሁም። እሱ ሾኩ ላይ ታምቆ ስለሚቀመጥ ማመቂያ መሳሪያ ይፈልጋል፣ አንድ ቦታ በሽቦ አስረን እናወጣዋለን ሲሉኝ መኪናዋን አስነስቼ ወጣሁ። እንደዛ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። መሳሪያው ያለው ሰው አግኝቻለሁ፣ በወር ውስጥ ይሰራል፣ ከዛ አላይመንት ትገባለች።

አሁን ግራና ቀኟ 37 ሳንቲም ሆኗል፣ ሶስት ሰው ከኋላ ጭኜ ሞከርኳት፣ ድው የሚለው ድምጽ ጠፍቷል። ቅዳሜ ይዣት ደብረ ብርሃን እመጣለሁ። አንተ ትነዳለህ፣ እማዬ እንደለመደችው ከኋላ ትቀመጥና እስከ ጫጫ ደርሰን እንመለስ። አሮጌዎቹን አልጣልኳቸውም፣ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ናቸው፣ የተሰበረውን በእጅህ ይዘህ እንድታየው እፈልጋለሁ።

ልጅህ