ውሃችን ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በአደባባይ ይጻፍልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በደሴ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለፈው የበልግ ዝናብ ወቅት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ከቦርከና ድልድዮች በአንዱ ላይ ቆመን ስለ ተፋሰስ ሳስረዳ፣ አንዲት ተማሪ ወደ ታች ተመልክታ «መምህር፣ ይኼ ወንዝ ነው እንዴ? እኔ እኮ የፍሳሽ መውረጃ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። ልጅቷ ደሴ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ድልድዩንም ትምህርት ቤት ስትመጣና ስትመለስ በየቀኑ ትሻገረዋለች። ወንዙን አለማወቋ የእርሷ ጥፋት አይደለም። በዚያ ድልድይ ላይ የወንዙን ስም የሚናገር አንድም ጽሑፍ የለም፤ ከድልድዩ ሥር የሚታየውም ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የተጣለ ጨርቅ ነበር። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ የእርሷ ጥያቄ ነው።

ስለ ውሃ በአደባባይ የሚጻፍ ነገር ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። «ውሃ ሕይወት ነው»፣ «ውሃን በቁጠባ እንጠቀም» የሚሉ ሰሌዳዎችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው፣ ጀሪካኑን ደርድሮ ቧንቧው እስኪመጣ ሌሊቱን የሚጠብቅ ሰው ስለ ቁጠባ ከማንም በላይ ያውቃል። የማያውቀውና ማንም ያልነገረው፣ ያ ውሃ ከየትኛው ተራራ ሥር እንደመጣ፣ በግንቦት ለምን እንደሚሳሳ፣ የታጠበበትም እጣቢ ከደጁ ቦይ ወጥቶ የት እንደሚደርስ ነው። አንዱ ሰፈራችን «ቧንቧ ውሃ» ተብሎ እየተጠራ እንኳ የቧንቧውን ውሃ አመጣጥ የሚያስረዳ አንድ ሰሌዳ አላየሁበትም።

የምጠይቀው ነገር ግልጽ ነው። ከተማችን ስለ ውሃዋ የምታውቀውን በድልድይ፣ በቦይ ክዳን፣ በቦኖ፣ በመናኸሪያና በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ውሃው ራሱ በሚያልፍበት ቦታ፣ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ ታስቀምጥልን። በአዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ከአዳራሽ ሲወጣ ይረሳል፤ በየቀኑ በምንረግጠው ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ግን ሳናስበው ይገባናል።

ከጦሳ ተራራ እጀምራለሁ። በጦሳና በአዝዋ ገደል ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ ጎርፍ ሆኖ አይሄድም። የአካባቢያችን አለት በአብዛኛው ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ የወጣ፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ፣ አፈርና ዛፍ ዝናቡን ቆም ሲያደርጉት ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ ይገባና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በምንጭነት ብቅ ይላል፤ የጉድጓዶቻችንንም ከርሰ ምድር ውሃ ይመግባል። ዳገቱ ሲራቆት ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንድ ቀትር ይወርዳል፤ የሐምሌ ጎርፍ ሲበረታ የግንቦት ምንጭ ይደርቃል ማለት ነው። ይህንን ከተራራው ሥር በሚቆም አንድ ግድግዳ ላይ፣ ተራራውን በቁመቱ ሰንጥቆ በሚያሳይ ሥዕል ብንስለው፣ በጦሳ ላይ ችግኝ የተተከለው ለማን እንደሆነ ልጅም አዋቂም ቆሞ ያነበዋል።

የቦይ ክዳኑን ጉዳይ ጠበቅ አድርጌ ማንሳት እፈልጋለሁ። በየጠዋቱ ከማልፍበት መንገድ ዳር አንድ ባለሱቅ አለ፤ ሰላምታው የሞቀ፣ ደጁን ሁልጊዜ አጥርቶ የሚይዝ ታታሪ ሰው ነው። ጠርጎ የሰበሰበውን ግን በመጥረጊያው ገፋ አድርጎ ወደ ቦዩ ይጨምረዋል። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ወዴት እንደሚሄድ ብጠይቀው፣ ዝናብ ሲመጣ ይወስደዋል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይወስደዋል። የት እንደሚያደርሰው ግን ከፊቱ አልተጻፈለትም። በሲሚንቶ ክዳኑ ላይ «ይህ ቦይ በቀጥታ ወደ ቦርከና ይወርዳል» የሚል ጽሑፍ፣ ማንበብ ለማይችሉም የዓሣና የከብት ምስል ቢቀረጽ፣ ያ ጎረቤቴ መጥረጊያውን ከመግፋቱ በፊት ቆም እንደሚል አልጠራጠርም። ክዳን ሲሠራ በቅርጹ ውስጥ የሚገባ ጽሑፍ ስለሆነ ወጪውም ከባድ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ሥራ በሌሎች አገሮች ብዙ ከተሞች የተለመደ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በመናኸሪያዎቻችን ግድግዳ ላይ ቢሳል ደስ ይለኛል። ቦርከና ከደሴ በላይ ካለው ከፍታ ተነሥቶ በዶሮ መዝለያ በኩል 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፤ በሐርቡ አድርጎ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል፤ በከሚሴ በኩል አልፎ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። በጨፋ ሣር በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ከብት ሳይቀር ሲሰማራ ኖሯል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከደሴ በኩታበር አቅጣጫ ካለው ከፍታ ማዶ የሚወርደው ዝናብ ግን በበሽሎ በኩል ዓባይ ይገባና እስከ ሜዲትራኒያን ይዘልቃል። የሁለት ተፋሰሶች መለያያ ላይ መኖራችንን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዚያ ከፍታ፣ መንገደኛ መኪናውን አቁሞ በሚያየው ቦታ፣ አንድ ምልክት ሊቆም ይገባል። ከኮምቦልቻ በታች የሚቆሙት ሰሌዳዎች ደግሞ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዲጻፉ ያስፈልጋል፤ ውሃውን የሚጠጡትና አትክልት የሚያለሙበት ሰዎች ከሁሉ በፊት ሊያነቡት ይገባልና።

ሰሌዳው የሚያኮራውን ብቻ ተናግሮ የሚያሳፍረውን ከደበቀ ግን ባይቆም ይሻላል። በኮምቦልቻ በኢንዱስትሪው አካባቢ አልፈው ቦርከናን በሚቀላቀሉት በለዮሌና በወርቃ ወንዞች ውስጥ ተመራማሪዎች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን ለክተው ውጤቱን አሳትመዋል። በወንዙ ዳር ልብስ የምታጥብ እናት ግን ይህን የምታነብበት ቦታ የላትም። ልኬቱ በየጊዜው እየታደሰ፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ብቻ እንኳ ቢገለጽላት ልጇን ከየትኛው ውሃ እንደምትከለክል ታውቃለች። በዚሁ በእኛ ዞን፣ ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ በማይባር፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ 113 ሄክታር ያህል በሆነች ተፋሰስ ላይ የዝናብ፣ የጎርፍና የአፈር መሸርሸር ልኬት ሲካሄድ ቆይቷል። ይህን የሚያህል እውቀት ከአጠገባችን እያለ ከጥናት መዛግብት ወጥቶ በአንድ የደሴ ግድግዳ ላይ አለመታየቱ ያሳዝነኛል።

«መጀመሪያ ቧንቧው ውሃ ይኑረው፤ ሥዕሉ ይደርሳል» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው፤ እኔም በፈረቃ ነው የምቀዳው። ሆኖም አንዱ ሌላውን አያዘገየውም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,200 ሊትር፣ ማለትም 60 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ይህ ስሌት በየትምህርት ቤቱ ከአሸንዳው ሥር፣ ከአንድ ዝናብ መለኪያ ጎን ቢጻፍ ተማሪው የለካውን ቤቱ ሄዶ ይናገራል፤ አባትም አሸንዳ ገጥሞ ሮቶ ያስቀምጣል። ይህ የውሃውን መጠን ራሱን ይጨምራል።

ሥራው የከተማ አስተዳደሮቹን፣ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎቶቹንና የወሎ ዩኒቨርሲቲን ትብብር ይጠይቃል። ሠዓሊዎችም ከመጀመሪያው ሊጠሩ ይገባል፤ ባለሙያ የጻፈው ረጅም ሐተታ በቆርቆሮ ላይ ተገልብጦ ሲሰቀል ማንም እንደማያነበው አይተናልና። የሚጠብቀው ሰውም ከወዲሁ ይመደብ፤ በአንድ ወቅት ከሰፈራችን የቆመ የአካባቢ ጥበቃ ሰሌዳ ዓመት ሳይሞላው በቤት ኪራይ ማስታወቂያ ተሸፍኖ ቀርቷል።

ተማሪዎቼ ከዚያ ቀን በኋላ ቦርከናን ከኩታበር ከፍታ እስከ አዋሽ የሚያሳይ ካርታ ሠርተው በክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ያቺ ልጅ የሣለችው ድልድዩን ነው፤ ከሥሩም «ቦርከና» ብላ በትልቁ ጽፋበታለች። ይህንኑ ሥዕል በድልድዩ ግንብ ላይ ለመሣል ፈቃድ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። ቀለሙንና ብሩሹን እኛው እናቀርባለን፤ ክረምቱ ሳይገባ ቢፈቀድልን ቀለሙ ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከደሴ